ትልቁ ሐይቅ የቱ ነው?

ከባቱ ወደ ሻሸመኔ የሚወርድ መንገደኛ ቡልቡላን የሚያስታውሳት ሾፌሩ ሽንኩርትና ቲማቲም ሊገዛ ከቆመ ነው። ለልጆቿ ግን የሐይቆች መሐል ናት፤ በስተሰሜን ዝዋይ፣ በስተደቡብ ላንጋኖ፣ አብጃታና ሻላ። ስሟን የምትጋራው ወንዝም ከዝዋይ ወጥቶ አብጃታ ይገባል። ከዚህ በታች የሚነጋገሩት ሁለቱ የምናብ ሰዎች ናቸው። አንደኛው ዕድሜውን እንግሊዝኛ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ሌላዋ ስምንተኛ ክፍል የምታስተምር ወጣት መምህርት። ሐይቆቹና ቁጥሮቹ ግን እውነተኛ ናቸው፤ የልጆቹንም ስህተት እንግሊዝኛ ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ቦታው በዋናው መንገድ ዳር ያለ ሻይ ቤት፣ ሰዓቱ የከሰዓት ፈረቃ ከተለቀቀ በኋላ ነው።

ጡረተኛው፦ ትናንት ልጆችሽ ሲባጎ ይዘው ግቢውን ሲያቋርጡ በአጥሩ አየሁ። የስፖርት ክፍለ ጊዜ መሰለኝ።

መምህርቷ፦ እንግሊዝኛ ነው ጋሼ። ኮምፓራቲቭና ሱፐርላቲቭ።

ጡረተኛው፦ በሲባጎ?

መምህርቷ፦ በሲባጎ። እርስዎ በምን ያስተምሩት ነበር?

ጡረተኛው፦ በጠመኔ ነዋ! ሰሌዳውን ሦስት ቦታ እከፍለዋለሁ። «ቶል፣ ቶለር፣ ቶለስት»። «ቢግ፣ ቢገር፣ ቢገስት»፤ እዚህ ላይ ጂዋ ትደገማለች ብዬ በቀይ ጠመኔ አከብባታለሁ። «ሃፒ» ላይ ዋይዋ ወደ አይ ትለወጣለች። ቃሉ ከረዘመ ፊቱ «ሞር» እና «ሞስት» ይቆማሉ። «ጉድ፣ ቤተር፣ ቤስት» ሕግ የለውም፣ በቃል ይያዛል። ይህን ሁሉ ክፍሉ በኅብረት ይላል። ከዚያ ሁለት ልጅ ወደ ፊት አወጣለሁ፤ አንዱን ረጅም፣ አንዱን አጭር። ሦስተኛ ስጨምር ሱፐርላቲቭ ሆነ። አለቀ። ዛሬም መንገድ ላይ ሚኒባስ አቁሞ «ቶል፣ ቶለር፣ ቶለስት» የሚለኝ ሾፌር አለ።

መምህርቷ፦ ሾፌሩ ረጅሙ ነበር፣ አጭሩ?

ጡረተኛው፦ ምን ማለትሽ ነው?

መምህርቷ፦ አጭሩስ መኪና ያቆምልዎታል ወይ ማለቴ ነው።

ጡረተኛው፦ አጭሩም ይስቅ ነበር ልጄ። ያኔ ሰው እንደዛሬ በቀላሉ አይከፋውም።

መምህርቷ፦ ሳቁን አምናለሁ፤ ሰባ ልጅ ሲስቅበት ምን ያድርግ? እኔ ልጅ ከልጅ አላወዳድርም። ያለ እኔም ሲወዳደሩ ነው የሚውሉት። ካርድ ሲሰጥ ቤተሰብ ከውጤቱ በፊት የሚያየው ደረጃውን ነው። «ስንተኛ ወጣህ?» ይባላል እንጂ «ምን ተማርህ?» የሚል አጎት አላጋጠመኝም። ሃምሳ ሦስተኛ ወጥቶ ቤቱ ለሚገባ ልጅ ሱፐርላቲቭ ምን እንደሆነ የሚነግረው አያስፈልገውም። የቁንጅናውማ አይነሣ! «ቢዩቲፉል»ን ለማስተማር ሦስት ሴት ልጅ አቁሞ ደረጃ የሚያወጣ መምህር ነበረን።

ጡረተኛው፦ እሱስ ነውር ነው። ደረጃን ግን አትንኪብኝ። እኔ በኩራዝ ያነበብኩት አንደኛ ልወጣ ብዬ ነው።

መምህርቷ፦ አንደኛ ከስንት? በምን? አንዱ ክፍል አርባ ልጅ አለው፣ ሌላው ሰባ። በሒሳብ የላቀው በሥዕልና በስፖርት ዝቅ ካለ አማካዩ ወደ ኋላ ይጥለዋል። ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር በምን እንደበለጠ አይናገርም። «በለጠ» ብሎ ዝም ነው።

ጡረተኛው፦ ወደ ሰዋስውሽ ተመለሺ፤ ሻዩ ይቀዘቅዛል።

መምህርቷ፦ ከሰዋስው አልወጣሁም። ግን እሺ። መጀመሪያ ቀን ምንም ሳላስተምር «ሻላ ከላንጋኖ ጥልቅ ነው» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጻፉልኝ አልኳቸው። ምን የጻፉ ይመስልዎታል?

ጡረተኛው፦ «ሻላ ኢዝ ዲፕ ፍሮም ላንጋኖ»። ወረቀቱን ሳላይ አውቀዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ አርሜዋለሁ።

መምህርቷ፦ ምክንያቱስ?

ጡረተኛው፦ ስንፍና።

መምህርቷ፦ ስንፍና ቢሆን ሁሉም አንድ ዓይነት ስህተት ባልሠሩ ነበር። ልጁ በአማርኛ ሲያስብ ቅጽሉን ማንም አይነካበትም። «ጥልቅ» ጥልቅ እንደሆነ ይቀራል፤ የማወዳደሩን ሥራ በሙሉ የምትሠራው «ከ» ናት። የ«ከ»ን ትርጉም መዝገበ ቃላት ውስጥ ሲፈልግ «ፍሮም» ይመጣለታል። አንድም ቃል ሳያጎድል ተረጎመ ማለት ነው። ቤቱ አፋን ኦሮሞ የሚናገረውም ቅጽሉ ላይ ምንም አይቀጥልም፤ «ጫላ» ወይም «ኢራ» ብሎ ያወዳድራል።

ጡረተኛው፦ ጫላማ በየክፍሉ አይጠፋም። ይበልጣል የሚባልም አይጠፋም። ስም ስጠራ ሁለቱን ባንድ ወንበር አስቀምጬ አውቃለሁ፤ ወላጆቻቸው በሁለት ቋንቋ አንድ ስም ነው ያወጡላቸው።

መምህርቷ፦ እና ማንን እንደሚበልጡ፣ በምን እንደሚበልጡ ስሙ አይናገርም! ወደዚያ እመጣለሁ። ሊዮን ስታሰን የሚባል ሆላንዳዊ የቋንቋ አጥኚ በ1985 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ከመቶ በላይ ቋንቋዎች እንዴት እንደሚያወዳድሩ መርምሯል። እንደኛ «ከ» የሚሉ አሉ፤ «ይበልጣል» በሚል ግሥ የሚያወዳድሩ አሉ፤ «በላይ» የሚሉም አሉ። እንደ እንግሊዝኛው «ዘን» ለማወዳደር ብቻ የተቀመጠ ቃል ያላቸው በብዛት የሚገኙት አውሮፓ ውስጥ ነው። የቡልቡላ ልጅ የሚሄድበት መንገድ የብዙ ሕዝብ መንገድ ነው። እንግዳው እንግሊዝኛ ነው።

ጡረተኛው፦ ሚኒስትሪ ፈተና ላይ ሆላንዳዊው መጥቶ አይከራከርላቸውም።

መምህርቷ፦ አይከራከርም። ስህተቱ ከየት እንደመጣ ከነገርኳቸው በኋላ ግን ራሳቸው ይሳሳቁበት ጀመር። «ፍሮም» ስትወጣ «አማርኛ!» ብለው ይጮሃሉ። ሰነፍ ከማለት ይሻላል።

ጡረተኛው፦ «ሞር ቢገር»ንስ ምን ትያቸዋለሽ? ሁለቱን ደርበው ማለት። እሱ ከአማርኛ አልመጣም።

መምህርቷ፦ እሱማ የጠንቃቃ ልጆች ስህተት ነው። ሁለት ሕግ ሰምተዋል፤ አንዱ እንዳይቀርባቸው ሁለቱንም ይጠቀማሉ።

ጡረተኛው፦ እኔን ያስተማረኝ የሰላም ጓድ አሜሪካዊ ነበር። የሰላም ጓዶች በ1955 ዓ.ም. ነው መምጣት የጀመሩት፤ እኔ የደረስኩት ዘግይቼ ነው። ያኔ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉም ትምህርት በእንግሊዝኛ ነበር። አንድ ቀን «ሞስት» እና «ኢስት»ን ደርቤ ተናገርኩና ክፍሉ ሳቀብኝ። እሱ ግን ሼክስፒር «ጁሊየስ ቄሳር» ላይ አንቶኒን በዚያው ዓይነት ድርብ ሱፐርላቲቭ አናግሮታል ብሎ ዝም አሰኛቸው።

መምህርቷ፦ እውነቱን ነው። በዚያ ዘመን ነውር አልነበረም። በኋላ በ1762 እ.ኤ.አ. ሮበርት ሎውዝ የሚባል ቄስ የእንግሊዝኛ ሰዋስው ጽፎ ድርቡን ስህተት ነው አለ፤ ከእሱ በኋላ የመጡትም አጸኑት። የእኛ ልጆች በሼክስፒር ዘመን ቢፈተኑ ኖሮ ያልፉ ነበር።

ጡረተኛው፦ የሚፈተኑት ግን ዛሬ ነው። በይ ሲባጎውን ንገሪኝ።

መምህርቷ፦ የሐይቆቹን ጥልቀት፣ ጥልቅ ከሆነው ቦታቸው ላይ፣ ለአንድ ሜትር አንድ ሳንቲ ሜትር እያልን ሲባጎ ቆረጥን። ዝዋይ ዘጠኝ ሜትር ገደማ ነው፤ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር፣ ከመዳፍ የማይወጣ ቁራጭ ሆነ። ላንጋኖ ወደ 47፤ አንድ ክንድ ያህል። ሻላ ሲደርስ ልጆቹ ሲባጎው ሊያልቅ ነው ብለው ጠሩኝ። 266 ሜትር ነው። ከጣሪያው ማገር ላይ አስረን ስንለቀው ወለሉን ሊነካ ትንሽ ቀረው። ክፍሉ ዝም አለ ጋሼ! ሻላን በዓይናቸው የሚያውቁት ልጆች ናቸው እኮ፤ ከብት ይዘው ዳሩ የደረሱ አሉ። ጥልቀቱ ግን ከላይ ሲያዩት አይታወቅም።

ጡረተኛው፦ 266... እኔም እዚህ ኖሬ አላውቅም ነበር። ከኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ ጥልቅ ነው መባሉን ብቻ ነው የማውቀው።

መምህርቷ፦ ከዚያ አንዱ ተነሥቶ ጣናስ አለ። የሁሉም ግምት ጣና ጣሪያውን ይበሳዋል ነው፤ በአገራችን ትልቁ ሐይቅ ጣና ነው ተብለው ተምረዋል። ጣና 14 ሜትር ገደማ ነው። ያችን ቁራጭ ከሻላ ሲባጎ አጠገብ ሳንጠለጥላት አላመኑኝም። «ትልቁ አይደል እንዴ?» አሉኝ። ትምህርቱ የተጀመረው እዚያ ላይ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ሲባጎ ስንቆርጥ ነበር የቆየነው።

ጡረተኛው፦ እንዴት?

መምህርቷ፦ ካሬ ካሬ መስመር ያለው ደብተር አወጣን። አንዱ ካሬ አሥር ካሬ ኪሎ ሜትር ይሁን አልን። ዝዋይ 44 ካሬ ተቀባ። ሻላ 33። ላንጋኖ 24። ጣና ከሦስት መቶ በላይ ስለሆነ ገጽ አለቀባቸው። አሁን ግድግዳው ላይ ሲባጎ ተሰቅሏል፣ ጠረጴዛው ላይ ካሬ አለ። ሰሌዳው ላይ «ዊች ሌክ ኢዝ ቢገር፣ ዝዋይ ኦር ሻላ?» ብዬ ጻፍኩ። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ሲባጎውን የቆረጡት ሻላ አሉ፤ ካሬውን የቀቡት ዝዋይ።

ጡረተኛው፦ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

መምህርቷ፦ ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ሁለቱም ግን ምን እያሉ እንደሆነ አልተናገሩም። «ይበልጣል» ብቻ ነው ያሉት። በአማርኛ «ሻላ ከዝዋይ ይበልጣል» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ የሰማው ሰው የፈለገውን ይሞላበታል። እንግሊዝኛውን ሲናገሩት ግን ቅጽሉን መምረጥ ግድ ሆነባቸው። «ዲፐር» ይሁን «ላርጀር»? ምርጫው ላይ ሲደርሱ የእንግሊዝኛው ሕግ ሳይሆን ጥያቄው ራሱ ነው ያስቸገራቸው፦ በምን? ከዚያ ደግሞ አንዷ ልጅ ሦስተኛ ነገር አመጣች፤ ውሃው የሚበዛው የትኛው ነው አለች። ይዘትን በሒሳብ ተምረውታል። ቁጭ ብለው አሰሉት፤ ትክክለኛ ስሌት አይደለም፣ የሐይቅ ወለል እኩል አይጠልቅም፤ ቢሆንም ሻላ ከዝዋይ ከአሥር እጥፍ በላይ ውሃ እንደሚይዝ ደረሱበት። «ዝዋይ ትሪ ነው፣ ሻላ እንስራ ነው» አለች።

ጡረተኛው፦ ጥሩ ተናግራለች። በየትኛው ቋንቋ?

መምህርቷ፦ ...በአፋን ኦሮሞ።

ጡረተኛው፦ አዬ! እኔም ይህን ስጠብቅ ነበር። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ተከራክረው ወጡ።

መምህርቷ፦ መጀመሪያ አዎ። ሐሳብ ሳይኖር ምን ይናገሩበታል? ሁለተኛው ቀን ግን ነጥብ የማስቆጥረው በእንግሊዝኛ ለተባለው ብቻ ነው አልኩ። ያኔ እየመጡ «ሰፊ ምንድነው? ጨዋማስ? ጥልቀት ስሙ ነው ወይስ ቅጽሉ?» ይሉኝ ጀመር። እኔ ቃል ለመስጠት ስለምን እንደነበር ያውቃሉ፤ አሁን ለመቀበል ተሰለፉ።

ጡረተኛው፦ ከስንቱ ልጅ ውስጥ ስንቱ ተሰለፈ?

መምህርቷ፦ ደፋሮቹ።

ጡረተኛው፦ ቁም ነገሩ ይሄ ነው። አንቺ የምትነግሪኝ ስለ አሥራ አምስት ልጅ ነው። ከኋላ ወንበር ያሉት፣ ስማቸው ሲጠራ እንኳ በሹክሹክታ «አቤት» የሚሉት፣ ሲባጎውን ጎትተው ወጡ እንጂ አንድ ቃል አልተነፈሱም። በእኔ ሰሌዳ ፊት ግን በኅብረት ሲባል ዓይን አፋሩም አፉን ይከፍታል። ተሳስቶ ቢል ማን ይሰማዋል? ስድሳ ድምፅ ይሸፍነዋል። በዚያ ተከልሎ ነው ምላሱ የሚፈታው።

(ሚዛኔ እዚህ ላይ ወደ ሽማግሌው ያዘነብላል። በኅብረት ማለትን እንደ ኋላቀርነት የሚቆጥሩ አሠልጣኞች ብዙ ናቸው፤ ብዙዎቹ ግን ሰባ ልጅ ባለበት ክፍል ውስጥ ቆመው አያውቁም።)

መምህርቷ፦ እሱን ወስጄብዎታለሁ። አሁን ክፍለ ጊዜው ሲጀመር ሲባጎዎቹን እያመለከትኩ አምስት ደቂቃ በኅብረት እናስኬደዋለን። ሦስት ዓምዱን ግን አልጽፍም።

ጡረተኛው፦ ሦስት ዓምዱ ምን አደረገሽ?

መምህርቷ፦ «ዲፕ፣ ዲፐር፣ ዲፐስት» ብሎ መደርደር ሦስቱ መሰላል የሚወጡ ያስመስላል። ልጁ «ዲፐስት» ማለት «በጣም በጣም ጥልቅ» ይመስለዋል። አይደለም። የእርስዎ አጭር ልጅ ከሦስት አጫጭሮች መሐል ቢቆም «ዘ ቶለስት» ሊሆን ይችላል፤ ረጅም ሳይሆን። ሱፐርላቲቭ ትርጉም የሚኖረው ከማን መሐል እንደሆነ ሲታወቅ ነው። ግቢውን ሲያቋርጡ ያዩት ሲባጎ ለዚያ ነው የተቆረጠው።

ጡረተኛው፦ የሻላው በጣሪያው ተሰቅሏል ካልሽ፣ ያኛው የማን ነበር?

መምህርቷ፦ የታንጋኒካ። ከአፍሪካ ሐይቆች ሁሉ ጥልቅ የሆነው፤ 1,470 ሜትር። በእኛ ልክ 14 ሜትር ከ70፤ ክፍል ውስጥ አይዘረጋም። እሱም የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ነው፣ በምዕራቡ ክንፍ። ሻላ «ዘ ዲፐስት ሌክ ኢን ኢትዮጵያ» ነው፤ «ኢን አፍሪካ» ሲባል ዘውዱን አውልቆ ይሰጣል። ታንጋኒካም «ኢን ዘ ወርልድ» ሲባል ለሩሲያው ባይካል ይሰጣል። ልጆቹ ይህን እንደ ጨዋታ ወደዱት፤ አንዱ «ኢን ቡልቡላ» ሲል ሌላው «ኢን ኦሮሚያ» እያለ ክቡን ያሰፋበታል።

ጡረተኛው፦ «ዘ»ን ይረሳሉ። ሁልጊዜ። «ሻላ ኢዝ ዲፐስት» ብለው ያልፋሉ።

መምህርቷ፦ ይረሳሉ። ግን እኮ በአማርኛ «ትልቁ» ሲሉ መጨረሻዋ ላይ ያለችው ድምፅ ያንኑ ሥራ ትሠራለች። «ትልቅ ሐይቅ» እና «ትልቁ ሐይቅ» አንድ እንዳልሆኑ ሁሉም ያውቃል። ያወቁትን ማሳየት ነው። «ቤተር»ማ ከሁሉም ቀላል ሆነላቸው፤ ታሞ የተነሣ ሁሉ «ተሻለህ?» ተብሏል።

ጡረተኛው፦ በ1990ዎቹ መጨረሻ ፕላዝማ ሲመጣ አስታወስሽኝ። ያኔ ሁለተኛ ደረጃ ነበር የማስተምረው። ትምህርቱ ከቴሌቪዥኑ በሚገርም ፍጥነት ይወርዳል፤ እኔ ከጎኑ እንደ ዘበኛ ቆሜያለሁ። ይጠይቃል፣ ሰከንድ ይቆጥራል፣ ልጁ እስክሪብቶ ሳያነሣ መልሱን ራሱ ይመልሳል። ቴሌቪዥኑ ስለ ላንጋኖ የሚያውቀው ነገር የለም። ያኔ ባደርገው የምለው ይህን የአንቺን ነበር፤ ግን ማሽኑን ማስቆም አይቻልም።

መምህርቷ፦ ታዲያ ለምን ይሞግቱኛል?

ጡረተኛው፦ ፈተናው ስላልተለወጠ። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል። እዚህ እስከ ስምንተኛ ድረስ በአፋን ኦሮሞ ይማራሉ፤ ዘጠነኛ ሲገቡ ፊዚክሱም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንግሊዝኛ ብቻውን ነው ያጠፋቸው አልልም። ግን ጥያቄውን ሳያነቡ መልሱን ያውቁታል?

መምህርቷ፦ በ2015 ደግሞ 3.2፤ በ2016፣ 5.4። «ቤተር» ነው?

ጡረተኛው፦ ነው እንጂ። ከ3.2 ይሻላል።

መምህርቷ፦ ከ3.2 ይሻላል። ልጁ ከመቶው ዘጠና አራቱ ጋር ቤት የቀረበት ወላጅ ግን «ይሻላል» ሲባል ይስቃል። ለዚህ ነው ዲፐር ዲፐስት ማስሸምደዱ የማይበቃኝ። ዘጠነኛ ክፍል የሚጠብቃቸው ሁሉ ማወዳደር ነው። የቱ ይከብዳል? የቱ ይፈጥናል? የቱ ቶሎ ይፈላል? «ሄቪየር» እና «ዴንሰር»ን ያልለየ ልጅ ዘይት ለምን ውሃ ላይ እንደሚንሳፈፍ ምን ብሎ ያስረዳል? አንድ በርሜል ዘይት ከአንድ ብርጭቆ ውሃ ይከብዳል፤ ይንሳፈፋል ግን። ያችኑ «በምን?» ካልለመዳት ፊዚክሱን የሚጥለው ሰዋስው ነው።

ጡረተኛው፦ ይህንንስ አልክድም።

መምህርቷ፦ በሦስተኛው ቀን አብጃታን አመጣሁ።

ጡረተኛው፦ እሱን ሆን ብለሽ ዘለልሽው ብዬ ነበር።

መምህርቷ፦ ሆን ብዬ ነው። ሲባጎ ልቁረጥለት ብል በየትኛው ዓመት ልክ? አብጃታ የሚወዳደረው ከራሱ ጋር ነው። «አብጃታ ኢዝ ስሞለር ዘን ኢት ዎዝ»። በ1960ዎቹ ወደ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋ ነበር፤ ሃያ ካሬ አስቀባኋቸው። ከዚያ ወዲህ ከግማሹ በታች የወረደባቸው ዓመታት አሉ፤ ካሬዎቹን በላጲስ አስጠፋኋቸው። ወረቀቱ ላይ የድሮው ዳር ደብዝዞ ቀረ። እኔ ሳልነግራቸው «ዳሩ ነው፣ ጨው የሚያበራበት» አሉኝ።

ጡረተኛው፦ እኔ ልጅ ሳለሁ ዓሣ ይወጣበት ነበር። ፔሊካኖቹ የሚፈለፈሉት ሻላ ደሴት ላይ ነው፤ ሻላ ግን ዓሣ ስለማይመግባቸው ለምሳቸው ወደ አብጃታ ይሻገሩ ነበር። ውሃው ሲቀንስ ጨው በዛ፣ ዓሣው አለቀ።

መምህርቷ፦ «ሳልቲየር»። ይህችን ቃል አንድም ልጅ አልረሳትም። ከዚያ «ዋይ?» አሉኝ። አንድ ዓመት ሙሉ «ኤኒ ክዌስችን?» ስላቸው ዝም የሚሉ ልጆች ናቸው! መቂና ካታር ዝዋይ ይገባሉ፤ ለመስኖ ይጠለፋሉ። ዝዋይም ራሱ በፓምፕ ይሳባል። ዝዋይ ዝቅ ሲል የሚከሳው በራችን ላይ ያለው ቡልቡላ ወንዝ ነው፤ እሱ ሲከሳ አብጃታ። የሶዳ አሽ ፋብሪካውም ከሐይቁ ውሃ ስቧል።

ጡረተኛው፦ እንግሊዝኛ ነው የምታስተምሪው ወይስ የአካባቢ ጥበቃ? ከባለፓምፖቹ መሐል እኮ የተማሪዎችሽ አባቶች ይኖሩበታል።

መምህርቷ፦ አሉበት። አንዱ ልጅ ተነሥቶ «ሞር ኦንየን፣ ሌስ ወተር» አለ። አጠገቡ ያለው ደግሞ «ቺፐር ኦንየን!» አለው፤ ሳቅ ሆነ። የዚህኛው አባት ሽንኩርት አምራች ነው። ማን ትክክል እንደሆነ አልፈረድኩም። ሁለቱም የሚሉትን በምን እንደሚለኩ ተናግረዋል፤ አንዱ በውሃ፣ ሌላው በገበያ።

ጡረተኛው፦ መፍረድ ነበረብሽ።

መምህርቷ፦ በምን መለኪያ?

ጡረተኛው፦ መምህር ሲጠየቅ ይመልሳል። «በምን» እያሉ መሸሽም አለ ልጄ። ሐይቁ እየደረቀ ነው፤ እሱ በካሬም በሲባጎም ያው ነው።

መምህርቷ፦ ...ልክ ነው። እሱን ነገ እነግራቸዋለሁ።

ጡረተኛው፦ ፈተናስ አወጣሽ? የአንቺ ሲባጎ ፈተና ሲሆን እንዴት ነው?

መምህርቷ፦ ይኸው፣ ይመልከቱት። የመጀመሪያው እንደ ሚኒስትሪው ነው፦ «ሌክ ሻላ ኢዝ ባዶ ቦታ ዘን ሌክ ዝዋይ»። ሀ፣ ዲፕ። ለ፣ ዲፐር። ሐ፣ ዘ ዲፐስት። መ፣ ስሞለር።

ጡረተኛው፦ ለ ነው። ...ቆይ። ሻላ 33 ካሬ፣ ዝዋይ 44 ነው ያልሽኝ?

መምህርቷ፦ አዎ።

ጡረተኛው፦ ታዲያ መም ይሆናል። ሁለት መልስ ያለው ጥያቄ አውጥተሻል። ርዕሰ መምህሩ ቢያየው ይሰርዘዋል።

መምህርቷ፦ አውቄ ነው። ሥሩ ያለውን መስመር አዩት? የመረጡትን ለምን እንደመረጡ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ፤ ነጥቡ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ጡረተኛው፦ በአራት ክፍል ስድሳ ስድሳ ልጅ። ይህን ሁሉ ዓረፍተ ነገር ማን ሊያርመው ነው?

መምህርቷ፦ እርስዎ ጡረታ ላይ አይደሉ?

ጡረተኛው፦ ሁለቱን ክፍል አምጪ። ሁለቱን ብቻ። ቀይ እስክሪብቶም ጨምሪበት፣ የኔው ደርቋል።